አክስት በትሪው ጥግ

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። በዚያ ቤተ ሙከራ ግን ባልየው ይሠራል፣ ሚስትየው ትሰብራለች። እሱን «ሠሪው» ይሉታል፣ እሷን «ሰባሪዋ»። የእናት አባት ስማቸውን የሚያውቀው የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው፤ እሱም በየጠዋቱ መታወቂያቸውን ስለሚያይ ነው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ሠሪው የሚሠራው የፀሐይ ሴል ነው። ቤት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ግን አይደለም፤ መንኮራኩር ላይ ተለጥፎ ጠፈር የሚሄደው ነው። ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ውፍረቱንስ አለማንሣት ይሻላል፤ ሠሪው ራሱ ሲያነሣው ትንፋሹን ይዞ ነው። ጠፈር ላይ ፀሐይ እንደ ልብ ነው፤ ደመና የለ፣ ጥላ የለ። ችግሩ ጨረሩ ነው። በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሌት ተቀን ሴሉን ይወጉታል። ባንድ ቀን አይገድሉትም፤ ብል ልብስ እንደሚበላው ውስጥ ውስጡን ይበሉታል፤ ፀሐይዋ እያለች ጉልበቱ ይከዳዋል። መንኮራኩር ደግሞ ተበላሸ ተብሎ ጋራዥ አይጎተትም።

ሰባሪዋ የምታስፈልገው ለዚህ ነው። ጨረር ማሽኑ ላይ ተቀምጣ፣ ሴሉ ጠፈር ላይ በዓመታት የሚያየውን መከራ ባንድ ከሰዓት በኋላ ታሳየዋለች። ከዚያ ተርፎ የሚፈለገውን ኃይል ከሰጠ አለፈ፤ ካልሰጠ ወደቀ። ባሏ ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሠራውን እሷ ከምሳ በኋላ ትጨርሰዋለች። በዚህ የተነሣ የሚፋታ ባለትዳር አይጠፋም፤ እነሱ ግን በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው አንድ ብርቱካን ለሁለት ይካፈሉ ነበር።

ሠሪው አንድ ልማድ ነበረው። ለሙከራ በሚሰጣት ትሪ ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንዲት የድሮ ዓይነት ሴል ይጨምራል። ይቺ ሴል ምንም የሚደነቅ ነገር የላትም፤ ጥቅሟ ጸባይዋ መታወቁ ነው። ይህን ያህል ጨረር ከወሰደች ይህን ያህል ትደክማለች፣ ዝንፍ የለም። አብረዋት የተሠሩ እህቶቿ መሳቢያ ሙሉ አሉ፤ ለየሙከራው አንዷ ትወጣለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ጡረታ ትገባለች። ማሽኑ ቢሳሳት፣ ቆጣሪው ቢያብል፣ እሷ አታብልም። ስም ያወጣችላት ሰባሪዋ ናት። «ድግስ ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ማን ስንቴ እንደበላ፣ ማን ሳይቀምስ እንደወጣ የምታውቅ አክስት አለች አይደል? ቁርጥ እሷን» አለች፤ ከዚያ ወዲህ «አክስት» ተባለች። አክስትን የሚለካት ሠሪው ነው። የሚለካት ግን በመጨረሻ፣ የራሱን ሴሎች ለክቶ ደስታውን ወይም ሐዘኑን ከጠገበ በኋላ ነው።

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት አውቶቡስ ፌርማታውን የሚያይ። የሠሪው እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ስለ አማትና ምራት የሚወራውን ሁሉ እነዚህ ሁለቱ አልሰሙም መሰለኝ፣ ሲዋደዱ ለጉድ ነው። እማማ የምራታቸውን ነገር ሁሉ ይወዱላታል፤ እሷ እንደምታምነው፣ ሾርባዋን ጨምሮ። ማታ ማታ ሾርባ የምትሠራው እሷ ናት። ባሏ ገና የመጀመሪያውን ማንኪያ እንደቀመሰ «እጅሽ ይባረክ! ጣፋጭ ነው» ይላል። እማማ ደግሞ ሳህናቸው እንደቀረበ እጃቸውን ወደ ሹራባቸው ኪስ ይሰዱና ከተጠቀለለች ወረቀት ውስጥ የሆነ ነገር ቆንጠር ያደርጋሉ። ምራታቸው መድኃኒት ነው ብላ፣ የትልቅ ሰው ክኒን አይጠየቅም ብላ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞርላቸው ነበር።

ያን ሰሞን ግን ቤቱ ጭር ብሎ ከረመ። የሠሪው አዲሱ ሴል ደጋግሞ ወደቀ። አንዴ ወደቀ፣ አሻሻለው፤ ደግሞ ወደቀ። የሚጥለው ሁልጊዜ የሷ ማሽን ነው፤ ትሪውን ስታስረክበው ፊቷን እያየ ውጤቱን ሊያነብ ይሞክራል፣ እሷም ገና ሳይለካ ምንም እንደማታውቅ እያወቀ። አለቃቸው «መቀስ» የሚሏቸው ሴትዮ ናቸው፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን፣ የማያፈራ ሥራ ሲያዩ ከመቁረጥ ወደ ኋላ ስለማይሉ ነው። መቀስም ተናገሩ። መንኮራኩሩ ሊገጣጠም ነው፤ የአሁኑ ሴል ካለፈ አብሮ ይሄዳል። ካልሆነ የድሮው ከባዱ ዓይነት ይጫናል፣ የሠሪው ጠረጴዛም ይዘጋል፤ እሱ ገመድ መፈተሽ ይዛወራል።

በፈተናው ጠዋት ሠሪው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወጣ። በሩ ላይ ያዘችውና አስወልቃ አስተካክላ አለበሰችው፤ እጆቹን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ቆመላት።

«ይሄኛውም ከወደቀ እጄን አነሣለሁ» አላት። «ምናልባት ለዚህ አልተፈጠርኩም ይሆናል።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ያለው ግን ልክ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻው ላይ ተደግፋ ሄደች። ይሄን ሰው የወደደችው ስለማይሰለች ነበር፤ አሁን መሰልቸቱን በዓይኗ አየች፤ የሰባበረችውም እሷ ነች።

ከምሳ በኋላ ትሪውን አየር በተመጠጠበት ሣጥን ውስጥ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ወደ ውጭው ክፍል ወጥታ ማሽኑን ለቀቀችው። ቆጣሪው መውጣት ጀመረ። በትንሿ መስታወት ሴሎቹ ይታዩዋታል፤ ተሰልፈው ዝም ብለዋል። ጨረር ድምፅ የለውም፣ ቀለም የለውም። ብታየው ኖሮ ልቧ ምናልባት ይጠነክር ነበር፤ የማይታይ ዱላ ግን ከሚታየው ይከፋል። ቆጣሪው ግማሽ ደረሰ። ያ የተገለበጠ ሸሚዝ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«ይበቃቸዋል» አለች ድምፅ አውጥታ፣ ልጅ ሲገረፍ እንዳየ ጎረቤት። ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። ከዚያ የቀረውን ሰዓት እጇን አጣምራ ተቀምጣ አሳለፈችና፣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሳ ትሪውን ይዛ ወጣች።

«ሙሉውን ወስደዋል» አለችው። ከተጋቡ ጀምሮ የነገረችው የመጀመሪያ ውሸት ይሄ ነው።

ሠሪው ሴሎቹን አንድ ባንድ መብራት ሥር ለካ። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ ሰው ሁሉ እያየ ሚስቱን አቅፎ ከመሬት አነሣት። መቀስ መጡ፣ ቁጥሩን ሁለቴ አዩ፣ ፈገግ አሉ የሚልም አለ። «መንኮራኩሩ ላይ ይገባል፤ ለሚገጣጥሙት ሰዎች እነግራለሁ» ብለው ሄዱ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሰባሪዋም አጨበጨበች።

ቤት ሲደርሱ ጫማውን ሳያወልቅ «እማዬ፣ ልፋቴ ፍሬ አፈራ!» አለ። እማማ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሩን ሳሙት፤ ምራታቸውንም ጎትተው ሳሟት። ሾርባው ቀረበ። ሠሪው ጣፋጭ ነው አለ፣ እማማ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱ፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ሆነ። እሷ ብቻ ማንኪያዋን አላነሣችም። መንኮራኩሩ ታያት። ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ ክንፉን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ ቀስ በቀስ ጉልበቱ ሲያልቅ። መጀመሪያ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሬዲዮው ዝም ይላል። ምን ሆነ ብለው የሚጨነቁት ሰዎች አንዲት ሚስት ባሏን ስለወደደች ነው ብለው በምን ያውቃሉ? ነገ እነግረዋለሁ አለች። ሳህን እያጠበ ሲያንጎራጉር ስትሰማው ግን ነገን ከነገ ወዲያ አደረገችው።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሠሪው ብርቱካኑን እንደ ወትሮው ላጠ። ከዚያ ሳይከፍለው ሙሉውን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«አንተስ?» አለችው።

«ብዪ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እስከ ማታም፣ አውቶቡስ ውስጥም አልጨመረም።

ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ጥዳ ስታማስል መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ እየሰሙ ነው።

«አክስትን ለካኋት» አለ።

ማማሰያው እጇ ላይ ቀጥ አለ። አክስት! ያን ሁሉ ስታስብ፣ ያን ሁሉ ስትጨነቅ፣ ዓይኗ ከባሏ ሴሎች ላይ ስላልተነሣ ጥጉን ረስታዋለች። ስሙን ያወጣችው ራሷ፣ የረሳችውም ራሷ።

«ደህና ናት» ቀጠለ ሠሪው። «መሆን ከሚገባት በላይ ደህና ናት። መጀመሪያ መለኪያዬ ተሳስቶ ነው ብዬ እህቷን አውጥቼ አስተያየሁ። መለኪያው ደህና ነው። ከዚያ የትናንቱ ፊትሽ ትዝ አለኝ። ሁሉም ከልቡ ሲስቅ አንቺ የሳቀው ጥርስሽ ብቻ ነበር።»

«ግማሽ ላይ አቆምኩት» አለች።

«ለምን?»

«ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰህ ነበር።»

ሠሪው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ውስጡ ግን ቁጣ ነበረበት፣ ከቁጣውም ሥር ሌላ የባሰ ነገር።

«አዘንሽልኝ?»

«አዎ።»

«ለኔ እዘኚ። ካንቺ ሌላ ማን ያዝንልኛል? ለሴሉ ግን አትዘኝ። ትናንት ለእማዬ ያልኩትን ሰምተሻል። ዛሬ ምን ልበላት? ደግሞስ… እንዲህ የማልችል ደካማ መስዬ ታየሁሽ?»

ይሄኛው ነው የገደላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ስለምወድህ ነው! ሌላ ምን አለ? አንተስ ብትሆን፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳይከፋኝ ብለህ ዋሽተኸኝ አታውቅም?»

የሠሪው ዓይን ወደ ድስቱ ሄደ።

«ሾርባሽ ጨው የለውም» አለ።

«ምን?»

«ጨው። የለውም። ኖሮትም አያውቅም።»

እንባዋ ባለበት ቆመ። ያደገችው የደም ግፊት ካለባቸው አባት ጋር ነው፤ እዚያ ቤት ጨው የሚባል ነገር ደጁን ረግጦ አያውቅም። ሾርባ ማለት ለሷ ይሄው ነው።

«ታዲያ በየማታው ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭ ነው የምትለኝ?»

«ሾርባሽ ጠፈር አይሄድማ!» አለ ሠሪው። «ቢበላሽ የምጠጣው እኔው ነኝ። ሴሉ ግን እዚያ ላይ ብቻውን ነው። ማንም አይደርስለትም። ጨረሩ ደግሞ አያውቀኝ፣ ሸሚዜን አያይልኝ።»

ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጣባት፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቷ ላይ እጁን አኖረ። ሳሎን ውስጥ ያለው ሬዲዮ ድምፁ ቀንሷል፤ እማማ ጆሯቸው አሁንም የወጣት ነው።

«ነገ ለመቀስ አብረን እንነግራቸዋለን» አላት።

«አይሆንም። ቁልፉን የተጫነው ጣት የኔ ነው፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በማግሥቱ ብቻዋን ገባች። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። መቀስ እስክትጨርስ ሳያቋርጡ ሰሟትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሻል?»

«የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንዴት ብዬ ልመንሽ?»

«እኔን አይመኑ» አለች። «አክስቶቹን ይመኑ። የሁሉም ሙከራ አክስት መሳቢያ ውስጥ አለች። እኔም እሱም ሳንነካቸው ሌላ ሰው ይለካቸው።»

ተለኩ። ያች አንዲቷ ብቻ ከእህቶቿ ተለይታ ጤነኛ ሆና ተገኘች፤ የቀሩት ሁሉ የሚገባቸውን ያህል ደክመው ነበር። መቀስ ወሬውን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ፈተናው እንዲደገም አዘዙ፤ ከዚያው ዙር በተረፉት ሴሎች፣ እሳቸው ባሉበት።

«ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው» አለች ሰባሪዋ።

«አይሆንም» አሉ መቀስ። «ከሸሸሽው ቁጥር ላይ አንቺው ራስሽ ትደርሻለሽ።»

ስለዚህ ተቀመጠች። መቀስ ከኋላዋ፣ ባሏ ከጎኗ። ትሪው ገባ፣ አዲስ አክስት ጥጓን ይዛለች። ቆጣሪው ወጣ፣ ወጣ፣ ግማሽ ደረሰ። አውራ ጣቷ በራሱ ጊዜ ወደ ቀዩ ቁልፍ ተንቀሳቀሰ። ሠሪው አልነካትም፤ በጆሮዋ ብቻ «እለፊው፣ የኔ ሆድ» አላት። አለፈችው። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በሷም ላይ አለፈ። ማሽኑ ራሱ ጨርሶ ቆመ።

የዚያን ቀን ሠሪው ልማዱን ለወጠ፤ አክስትን ከሁሉ በፊት ለካት። ልክ መሆን ያለባትን ሆናለች፣ ዝንፍ የለም። ከዚያ የራሱን ለካ። የመጨረሻውን ሴል አስቀመጠ።

«ወደቀ» አለ።

በጥቂት ነው የወደቀው። ግን ወደቀ። ሰባሪዋ የሚጠላትን ሰው ፊት ልታይ ቀና አለች። ያየችው ግን አቀርቅሮ ቁጥሮቹን የሚያይ ሰው ነው፤ ግንባሩ ሥራ ሲይዝ እንደሚሆነው ተጨማዶ። «ውፍረቱ ነው» አለ ለራሱ። «አሁንም ኤሌክትሮኖቹ ከሴሉ ለመውጣት መንገዱ ረዝሞባቸዋል። መቅጠን አለበት።»

መቀስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «መንኮራኩሩ በድሮው ዓይነት ይሄዳል» አሉ። ወደ በሩ ሄደው ዞር አሉ። «አንተ ግን ጠረጴዛህ ላይ ቆይ። ሌላም መንኮራኩር ይመጣል። ባለፈው የማላምነው ደስ የሚል ቁጥር ነበረኝ፤ ዛሬ የማምነው የወደቀ ቁጥር አለኝ። አንቺም ለጊዜው ብቻሽን ማሽኑ ላይ አትቀመጪም፤ የኔ ወንበር አጠገብሽ ይሆናል። መቀስም አንዳንዴ ይዶለዱማል።» ቅጽል ስማቸውን ማወቃቸውን ያን ቀን ነው ሁሉም ያወቀው።

ማታ ሠሪው ለእናቱ ሁሉንም ነገራቸው፤ የፊቱንም የኋላውንም። እማማ ምራታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «እኔ እኮ ባልሽን ስወልደው ራሱ ከቀኑ ዘግይቶ ነው የመጣው። ይመጣል፤ አትቸኩሉበት።»

ሾርባውን ያን ማታ የሠራችው በትልቅ ጭንቀት ነው። ጨው ገዝታ መጥታለች። ምን ያህል እንደሚበቃ ግን በምን ትወቀው? የሷ ምላስ ምስክር አይሆንም። አንድ ማንኪያ ጨመረች። አማስላ ቀመሰች፤ ምንም አልገባትም። ሁለተኛ ጨመረች። ለማንኛውም ብላ ሦስተኛ።

ሳህኖቹን አቅርባ ቁጭ አለችና እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣመረች።

«ንገረኝ» አለችው። «ሙሉውን። ግማሽ ላይ እንዳታቆም።»

ሠሪው ቀመሰ። ዓይኑ ውሃ አዘለ። እማማም በልማዳቸው ከኪሳቸው ቆንጥረው ጨምረው ኖሮ አንድ ማንኪያ እንደዋጡ ትን አላቸው፤ ምራታቸው ተነሥታ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገች።

«ጨው በዝቶበታል» አለ ሠሪው። «በጣም። በጣም በዝቶበታል።»

እማማ ሳላቸው ሲበርድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ያቺን የተጠቀለለች ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው መሐል ፈቷት። ነጭ ጨው ነው።

«ክኒን አልነበረም?» አለች ሰባሪዋ።

«ክኒንማ ነው» አሉ እማማ። «ለሾርባሽ ነዋ! ከሠርጋችሁ ማግሥት ጀምሮ። ይሄ ልጅ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ ብሎ አስምሎኝ።» ወረቀቷን ወደ ምራታቸው ገፋ አደረጉላት። «በይ እንግዲህ፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ።»

ሰባሪዋ ሳቀች፤ ያን ሰሞን የተጠራቀመው ሁሉ አብሮ ወጣላት፣ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ሳህኖቹን ልታነሣ ብድግ አለች። «ተዉት፣ አትጠጡት፤ ዳቦ አመጣለሁ።»

ሠሪው ሳህኑን ያዝ አደረገና ከእጇ አስቀረው። ወደ ራሱ ሳበው፣ ጎንበስ አለበት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው። ከዚያ በላዩ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ቸለሰበት።